ለእረፍት ሀዋሳ ሲሄዱ ጥሩ ምግብ እንዴት እንደሚበላ

ቅዳሜና እሁድን ሀዋሳ ለማሳለፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መኝታው ነው፤ የሚበላውን ግን ሲርበው ያስበዋል። ስለዚህም ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የሚያገኘውን ጥብስ፣ ያውም ብዙ ጠብቆ፣ ይበላና ይመለሳል። የሀዋሳ ገበታ በሰዓት የሚመራ ነው፤ ዓሣው የጠዋትና የቀትር፣ ሥጋው የማታ፣ የእንሰቱ ምግብ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ላዘዘ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንኑ ተከትሎ የተዘጋጀ ነው።

1. ከመነሣትዎ በፊት አብሮዎት የሚጓዘው ሰው የሚበላውንና የማይበላውን ይለዩ

በአንድ መኪና የሚጓዙ ሰዎች በአንድ ገበታ ላይ ለመቀመጥ የሚቸገሩት በጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ገብቶ ከሆነ፣ የሚጾመውና የማይጾመው ይለያያሉ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች አብረው ሲሄዱ ደግሞ የሥጋው አራጅ ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ይህ ሁሉ አስተናጋጁ ቆሞ እየጠበቀ የሚወሰን ነገር አይደለም።

በዚህ ረገድ ሀዋሳ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ዓሣ የእርድ ጥያቄ ስለማያስነሣ የሁለቱም እምነት ተከታዮች ያለ ሐሳብ አብረው ሊበሉት ይችላሉ። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ግን ምእመናኑ ራሳቸው አንድ ዓይነት ልማድ የላቸውም፤ ስለዚህ የሚጾመውን ሰው በቀጥታ መጠየቅ እንጂ በግምት ማዘዝ አይገባም። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ እንደሚል፣ ትልልቁም ዓሣ ቶሎ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል።

ገንዘቡንም አብረው ይወስኑ። ከምግብ በኋላ «እኔ ልክፈል፣ አይሆንም እኔ ነኝ» የሚለው ትግል የወግ ነውና ደስ ይላል፤ ሆኖም ለሁለት ቀን፣ ለስድስት ሰው፣ በየምግብ ቤቱ ሲደጋገም አንዱን ይጎዳል። ከመነሣት በፊት መዋጮ አዋጥቶ አንድ ገንዘብ ያዥ መምረጥና ወጪውን ሁሉ በእሱ በኩል ማድረግ ከሁሉ የሚሻል ዘዴ ነው። በቴሌብር መክፈል በከተማዋ የተለመደ ቢሆንም ሐይቁ ዳር ለሚሸጡ ሰዎች ጥሬ ገንዘብ መያዝ አይዘንጉ።

ጉዞው ከታኅሣሥ 19 ወይም ከሐምሌ 19 ጋር የሚገጥም ከሆነ ደግሞ የቅዱስ ገብርኤልን ክብረ በዓል ለማክበር ብዙ ሕዝብ ወደ ከተማዋ ስለሚገባ፣ ከመኝታው ጋር የማታውንም ገበታ በስልክ አስይዘው ይነሡ።

2. መንገድ ላይ በልክ ይብሉ

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማልደው ከተነሡ ቁርስ ባቱ ላይ መብላት ይመቻል፤ ባቱም የዝዋይ ሐይቅ ከተማ በመሆኗ ዓሣ አላት፤ ግን እዚያ ዓሣ ጠግቦ ሀዋሳ መድረስ የጉዞውን ዋና ምግብ በመንገድ ላይ መጨረስ ነው። እንቁላል ፍርፍር ወይም ፉል ከሻይ ጋር ይበቃል። አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ብትሆንም መኪና የሚይዘው ሰው የሚገዛው ካለ ለቤቱ ብቻ ይግዛ። ከሻሸመኔ በኋላ የሚቀረው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ለምሳ መቆም አያስፈልግም።

3. ዓሣውን በጠዋት፣ በአሞራ ገደል ይብሉ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ወደ ማታ ሐይቁ ላይ ይዘረጉና ሌሊቱን አሳድረው ጎህ ሲቀድ ይሰበስቡታል። ስለዚህ ዓሣው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ በጀልባ የሚደርሰው በማለዳ ሲሆን፣ ገበያው የሚደምቀውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ በ2 ሰዓት የሚታዘዝ ዓሣ የዚያኑ ጠዋት እንኳ ቢሆን ቀኑን ሙሉ የቆየ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክረሙንም ሆነ አለመክረሙን ተመጋቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀዋሳ የገባ ሰው ዓሣውን ለእሁድ ጠዋት ቢያቆየው ይመረጣል።

በስፍራው እንደደረሱ መጀመሪያ ዓሣውን ይለዩ። ከሐይቁ በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ ሥጋው ነጭና ለስላሳ፣ ሙሉውን ለመጥበስ የተስማማ ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የሌለው፣ ጢም ያለው ትልቅ ዓሣ ሲሆን ሥጋው ወፈር ያለና ቅባት ያለው፣ አጥንቱም ለመለየት ቀላል ነው። ሕፃናት ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች አብረው ካሉ ለእነርሱ አጥንቱ የወጣለት ሥጋ፣ ማለትም ጉላሽ ወይም ኮተሌት፣ ማዘዝ ይበጃል፤ ሙሉ ቆሮሶ ለልጅ ሰጥቶ ዞር ማለት ተገቢ አይደለም።

ቀጥሎ ትኩስነቱን ይመርምሩ። የትኩስ ዓሣ ዓይን ጥርት ያለና ወጣ ያለ እንጂ የደፈረሰና የጎደጎደ አይደለም፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ ነው፤ ሥጋው በጣት ሲጫን መልሶ ይሞላል፤ ሽታውም የሐይቅ ውኃ ሽታ እንጂ የሚከረፋ አይደለም። ሻጩን «ወንድሜ፣ እስቲ ስንጥቡን ግለጠው» ማለት ነውር የለበትም፤ ትኩስ ዓሣ ያለው ሰው ራሱ ገልጦ ያሳያል።

ከዚያ አሠራሩን ይዘዙ። ጥብሱ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተሰነጣጥቆ በፈላ ዘይት የሚጠበስ ሲሆን ከእንጀራ ወይም ከዳቦ፣ እንዲሁም ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተፈጭቶ የሚሠራው ይህ ዳጣ የደቡብ ገበታ መለያ ነው፤ ሚጥሚጣ ካልቀረበልኝ ብሎ እሱን ሳይቀምስ የሚሄድ ሰው ብዙ ይቀርበታል። ከጥብሱ በፊት አንድ ሳህን ትኩስ የዓሣ ሾርባ ቢታዘዝ፣ ጥብሱ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያሳጥራል። የዓሣ ዱለትም ይሠራል፤ እሱን ለሁለት ሰው አንድ ማዘዝ በቂ ነው።

ዓሣ በጥሬው ተከትፎ በቅመም የሚበላበት ልማድም አለ። ይህን ግን አልመክርም። በጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ሰውን የሚጎዱ ጥገኛ ትላትሎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ሎሚና በርበሬም ትላትሎቹን ለመግደል አስተማማኝ አይደሉም። ሥጋው እስከ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ሲለያይ የበሰለ መሆኑ ይታወቃል፤ አጥንቱ ዙሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥሬ መልክ ካለው መልሰው እንዲያበስሉት ይጠይቁ።

አሞራ ገደል ስሙን እንደሚናገረው የአሞራ ሀገር ነው፤ ከሰው ወገብ በላይ የሚቆመው አባ ኮዳ ትርፍራፊ እየጠበቀ በገበያተኛው መሐል ይንጎራደዳል። እሱ ይጠብቃል፤ ጦጣዎቹ ግን አይጠብቁም። ስለዚህ ዳቦና ሙዝ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ለፎቶግራፍ መነሣት አይገባም፤ ልጆችም ጦጣዎቹን በእጃቸው እንዳያጎርሱ መከልከል ያስፈልጋል።

4. የሲዳማን ምግብ ከአንድ ቀን በፊት ይዘዙ

ሀዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ይሁን እንጂ ብዙ እንግዳ የሲዳማን ምግብ ሳይቀምስ ይመለሳል። ምክንያቱ ምግቡ ስለሌለ አይደለም፤ በየምግብ ዝርዝሩ ላይ ስለማይገኝና ደርሶ ለጠየቀ ሰው ወዲያው ስለማይወጣ ነው። መሠረቱ እንሰት ነው። ከተፋቀው እንሰት የሚገኘው ቆጮ ሆኖ ለብዙ ሳምንታት እየተብላላ ይቆያል፤ ነጣ ያለውና የተጣራው ቡላ ይባላል።

ሊታዘዝ የሚገባው ቡርሳሜ ነው። ቡርሳሜ ከእንሰት ተዘጋጅቶ በብዙ ቅቤ የሚታሽ፣ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር በትኩሱ የሚበላ ምግብ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው በፍቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ከአንድ ገበታ የሚቋደሱት እሱን ነው። ያረፉበትን ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ወይም የባጃጅ ሹፌር «የባህል ምግብ የት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ቡርሳሜ የሚሠራ ቤት የት አለ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ወደ ጭፈራ ቤት ነው። ቤቱ ከታወቀ በኋላ ደውሎ የሰውን ቁጥርና ሰዓቱን መናገር ይገባል። ቅቤው የጠና ስለሆነ ለሦስት ሰው የሁለት ሰው መጠን ይበቃል፤ ያልለመደ ሰው ደግሞ ለመኝታ በተቃረበ ሰዓት ባይበላው ይሻላል።

ከእሱ በኋላ ቡና ነው። ሲዳማ ስሟ በዓለም የቡና ገበያ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ከማሽን ቡና ይልቅ የጀበናውን ይምረጡ፤ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ሲቀርብ አይመልሱት። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወባ ትንኝ ስለምትወጣ ግን ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልጋል።

5. ማታ ሥጋ ቤት ወይም ሆቴል ይምረጡ፤ ሒሳቡን ከማዘዝዎ በፊት ይወቁ

ሥጋ ቤት ከሆነ ሥጋው በኪሎ ስለሚሸጥ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቆመው ይዩ፤ የሚጠበሰውም እዚያው የተመዘነው መሆኑን ያረጋግጡ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ኮሶ ትል ሊኖር እንደሚችል አውቆ ይብላ፤ ልጆች ግን ጥብሱን ይብሉ።

ሐይቁ ዳር ባሉት ትልልቅ ሆቴሎችና ሪዞርቶች ዋጋው የሚጨምረው በምግቡ ብቻ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ታክስን ያካተተ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሚታሰብበት ቤት 1,000 ብር ተብሎ የተጻፈው ምግብ ሲከፈል 1,265 ብር ይሆናል። የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኙ ላይ ከተቆረጠ ተጨማሪ ቲፕ መስጠት ግዴታ አይደለም። በእኔ ግምት ሪዞርት ገብቶ ሙሉ እራት ከመብላት ይልቅ፣ እራቱን ከተማው ውስጥ ጨርሶ ሪዞርቱ ሻይ ወይም ጭማቂ እየጠጡ ሐይቁን ማየት ለገንዘቡም ለሆድም ይስማማል።

6. ለቤት ዓሣ ይዘው የሚመለሱ ከሆነ

መግዛት ያለብዎት በሚመለሱበት ቀን ጠዋት ነው። ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ እዚያው እንዲወጣ፣ የሚቻል ከሆነም አጥንቱ ተለይቶ ሥጋው ብቻ እንዲቀር ያድርጉ፤ የሚበላሸው መጀመሪያ ሆድ ዕቃው ነውና። ሥጋውን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው በረዶ በሞላ ሣጥን ውስጥ፣ ከላይም ከታችም በረዶ አድርገው ይደርድሩት። የስምጥ ሸለቆ መንገድ በቀትር የሚሞቅ ስለሆነ ሣጥኑን መኪናው ኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አያስቀምጡ፤ በረዶ ያልተገኘ እንደሆነ ደግሞ ዓሣ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት አለመግዛቱ ይመረጣል።