ለቤት ሶላር ባትሪ ዋጋ ማወዳደሪያ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪዎች

ሶላር የሚሸጥበት ሱቅ ገብተው የባትሪ ዋጋ ሲጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚልዎ «ባለ ስንት አምፒር?» ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ብሩን ለአምፒሩ ያካፍልና ርካሹን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ የመኪና ባትሪ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ገዢው ሌላ ባትሪ ፍለጋ ይመለሳል። በአምፒር ማወዳደር የሚያሳስተው ባትሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ እንደሚወጣበት ስለማይነግር ነው። ማወቅ ያለብዎት ባትሪው እስኪሞት ድረስ ከሚሰጠው ኤሌክትሪክ አንዱ ኪሎዋት-ሰዓት (1,000 ዋት-ሰዓት) ስንት ብር እንደሚያስወጣዎት ነው።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይረጋም። ከታች ያሉት ብሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተያዙ ናቸውና በቦታቸው የሱቁን ዋጋ ያስገቡ። ዋጋ ሲያጠያይቁም ሁሉንም በአንድ ቀን ይጠይቁ። ያለፈውን ወር የጄል (አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋ የእርሳስ ባትሪ) ዋጋ ከዛሬው የሊቲየም ዋጋ ጋር ማነጻጸር ውጤቱን ያዛባል።

መጀመሪያ የቤትዎን ፍጆታ ይቁጠሩ

የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት ያባዙ። አንድ መካከለኛ ቤት እንያዝ፦ ባለ 9 ዋት 5 አምፖል ለ5 ሰዓት 225፤ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በ50 ዋት ለ4 ሰዓት 200፤ ሪሲቨር በ15 ዋት ለ4 ሰዓት 60፤ ዋይፋይ በ10 ዋት ለ6 ሰዓት 60፤ የሦስት ስልክ ቻርጅ 45። ድምሩ 590 ዋት-ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ሲቀይር የሚያባክነውን ለመጨመር ለ0.85 ያካፍሉት፤ ወደ 700 ይጠጋል።

ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ ሲበራም ይበላል። 10 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር ሌት ተቀን ክፍት ከዋለ ከባትሪው 240 ዋት-ሰዓት ያወጣል፤ ይህ ከላይ ያሰላነውን ፍጆታ ሲሶ ያህላል። ማታ ሲተኙ ማጥፋት አንድ ብር ሳያወጡ ባትሪ እንደመጨመር ነው።

የእንጀራ ምጣድ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ ይህ የዚህ ቤት የአሥር ቀን ፍጆታ ነው። ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃም እንዲሁ ናቸው።

ባትሪው ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው

ሻጭ «አምፒር» ሲል አምፒር-ሰዓት ማለቱ ነው። በቮልቱ ሲያባዙት ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ጄል 2,400 ዋት-ሰዓት፣ ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሊቲየም 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በአሲድና በጄል ባትሪ ላይ ከአምፒሩ አጠገብ 10፣ 20 ወይም 100 የሚል ቁጥር ይፈልጉ። በስንት ሰዓት ውስጥ ተሟጦ እንደተለካ የሚናገረው እሱ ነው። የእርሳስ ባትሪ ቀስ ብለው ሲያወጡበት ብዙ ይሰጣል፣ ቶሎ ሲያወጡበት ያንሳል። በ100 ሰዓት ተለክቶ 200 የተባለ ባትሪ በ10 ሰዓት ቢለካ 160 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጄል ሲያወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰዓት የተለኩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ በ100 ሰዓት የተለካ አድርገው ይቁጠሩት።

ክብደትም ይመስክር። እርሳስ ከባድ ነው፣ ሊደበቅም አይችልም። ትክክለኛ ባለ 100 አምፒር ጄል ከ28 እስከ 32 ኪሎ፣ ባለ 200 ደግሞ ከ55 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 200 ተብሎ 40 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ በውስጡ ያለው እርሳስ የ200 አይደለም። ሚዛን ያለው ጎረቤት ሱቅ አይጠፋም፤ ለምን ይመዘናል ብሎ የሚቆጣ ሻጭ ከገጠመዎ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ሊቲየም ግን ባለ 100ው ከ10 እስከ 13 ኪሎ ብቻ ስለሆነና ውስጡ ያገለገሉ ሴሎች ሊሞሉበት ስለሚችሉ ክብደቱ ብቻ አያስተማምንም፤ መፈተሻው በኋላ ይመጣል።

ስሌቱ

ቀመሩ አጭር ነው፦ የባትሪውን ዋጋ፣ በዕድሜው ሙሉ ለቤትዎ ለሚሰጠው ኪሎዋት-ሰዓት ያካፍሉ። ዕድሜ ሲይዙ ሁለት ወሰን አለ። አንዱ ባትሪው ስንት ጊዜ መሙላትና መውጣት እንደሚችል ነው፣ ሌላው የዓመታት እርጅና ነው። ቀድሞ የሚደርሰውን ይውሰዱ። 6,000 ጊዜ ይሞላል የተባለ ሊቲየም በየቀኑ ቢሠራ ከ16 ዓመት በላይ መሆኑ ነው፤ ያን ያህል ግን አይቁጠሩለት፣ 10 ዓመት ይበቃዋል።

በቀን 700 ዋት-ሰዓት ለሚወስደው ቤት፦

የመኪና ባትሪ፣ ባለ 100 አምፒር፣ 15,000 ብር እንበል። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስ ናቸው፤ የተሠሩት ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጡ ነው። በየማታው ከግማሽ በታች ሲወርድ ሳህኑ ላይ ያለው ዱቄት እየረገፈ ከሥር ይከማቻል። 200 ማታ ቢቆይ 140 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ አንዱ ኪሎዋት-ሰዓት 107 ብር ወጣ ማለት ነው።

ጄል፣ ባለ 200 አምፒር፣ 45,000 ብር። በየቀኑ 700 ሲወሰድበት ከአቅሙ 29 በመቶ ብቻ ይወርዳል፤ ይህ ይስማማዋል። በደንብ ተይዞ 5 ዓመት ቢያገለግል 1,277 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ አንዱ 35 ብር ይመጣል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ባለ 100 አምፒር፣ 60,000 ብር። 80 በመቶውን በየቀኑ ማውጣት ስለሚቻል ከ1,000 ዋት-ሰዓት በላይ ይሰጣል፤ ከ200 አምፒሩ ጄል ግማሽ ያህል አቅም ይዞ ቤቱን የሚያደርሰው በዚህ ነው። በ10 ዓመት 2,555 ኪሎዋት-ሰዓት፤ አንዱ 23 ብር ተኩል።

ሊቲየም ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። ዕድሜው የጄሉ እጥፍ ተብሎ ስለተያዘ፣ የሱቁ ዋጋ ከጄሉ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ጄሉ ይሻላል። በ60,000 ፋንታ 95,000 ቢጠየቁ የሊቲየሙ 37 ብር ይሆናል፣ ጄሉ በ35 ይቀድማል። የኤሌክትሪክ መስመር ገብቶልዎት ባትሪ የሚፈልጉት መብራት ለሚጠፋባቸው ማታዎች ብቻ ከሆነም፣ የመሙላት ብዛት ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ባትሪው ሳይሠራበት ያረጃል። ያን ጊዜ ዋጋውን ከሚቆይበት ዓመት ጋር ብቻ ያነጻጽሩ። ሁልጊዜ ሞልቶ ተጠባባቂ ሆኖ መቀመጥ ለጄል የሚመቸው ኑሮ ነው።

እጅዎ ላይ ያለው ገንዘብ ለትልቅ ሊቲየም ካልበቃ፣ ትልቅ የመኪና ባትሪ ከመግዛት ባለ 50 አምፒር ሊቲየም ገዝቶ ቴሌቪዥኑን መቀነስ ይመረጣል። 500 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጥዎታል፣ በዓመቱም አይጥልዎትም።

ክረምቱ ስሌቱን ይለውጠዋል

በበጋ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ችግር አይደለም። ጣጣው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደመናው ከጣና ላይ ሳይነሳ የሚውልበት ሳምንት አለ። የእርሳስ ባትሪ፣ አሲዱም ጄሉም፣ ሳይሞላ ሲሰነብት ሳህኖቹ ላይ ጠንካራ የሰልፌት ክሪስታል ይጋገርበታል፤ ይህ በኋላ በፀሐይ ቢሞላም አይለቅም። ከላይ 5 ዓመት የሰጠነው ጄል በየክረምቱ ለሦስት ወር ግማሽ ሆኖ ከከረመ በ2 ዓመት ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ የሰጠው 511 ኪሎዋት-ሰዓት ብቻ ነው፣ 35 ብር የነበረው ወደ 88 ያሻቅባል። ሊቲየም ግን ግማሽ ሆኖ መክረሙ አይጎዳውም። በጣና ዙሪያ ለየቀን አገልግሎት ሊቲየምን የምናስቀድመው ከዋጋው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ጄል የሚገዙ ከሆነ ፓኔሉን ለክረምት ይለኩ። በደመናማ ቀን ሙሉ ፀሐይ ለ3 ሰዓት ብቻ አገኘን ብለን፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ ለሚባክነው በ0.7 እናባዛ። 150 ዋት ፓኔል 315 ዋት-ሰዓት ያመጣል። ጄል ሲሞላ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያባክን ለ700 ፍጆታ 875 መግባት አለበት፤ 400 ዋት ፓኔል እንኳ 840 ነው የሚያመጣው። በ150 ዋት ፓኔል ላይ ትልቅ ጄል መስቀል ባትሪውን ለሰልፌት ማስረከብ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ከመጨመርዎ በፊት ሁለተኛ ፓኔል ይጨምሩ።

ሙቀትም ዕድሜ ይቆርጣል። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ኮርኒስ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል። መሬት ላይ፣ በእንጨት መደብ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል፣ አየር በሚገባበት ቦታ ያስቀምጡት። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ከምድጃና ከከሰል ይራቅ፣ መኝታ ቤትም አይግባ።

ከባትሪው ጋር የሚከፈል ሌላ ወጪ

ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ለባትሪው ዓይነት መስተካከል አለበት። ባለ 12 ቮልት ጄል ከ14.1 እስከ 14.2 ቮልት ላይ ይቆማል፤ በ14.8 የሚሞላ ኮንትሮለር ጄሉን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ጄል ደግሞ ውሃ አይጨመርበትም። ለሊቲየም ከ14.2 እስከ 14.4 በቂ ነው፣ ኢኳላይዜሽን የሚባለው፣ ቮልቱን ለጊዜው ከፍ አድርጎ የመሙላት ሥርዓትም መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ቮልቱ ከፍ ሲል የባትሪው መከላከያ ቦርድ መስመሩን ይቆርጣል። አሮጌው ኮንትሮለርዎ ይህን ማስተካከያ ከሌለው የአዲሱ ዋጋ በሊቲየሙ ላይ ይደመር። ለ400 ዋት ፓኔል በ12 ቮልት 40 አምፒር የሚችል ይያዙ።

ብዙ ኢንቨርተሮች የሚያቋርጡት ባትሪው 10.5 ቮልት ሲደርስ ነው። ይህ ለእርሳስ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ባዶ ማለት ነው። ማስተካከያ ካለው 11.8 ላይ ያድርጉት፤ ከሌለው ቮልት የሚያሳይ ትንሽ ሜትር ሰቅለው በእጅ ያጥፉ።

ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር በ12 ቮልት ከ90 አምፒር በላይ ይስባል። ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ 25 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥ፣ ከፖዘቲቩ አጠገብም 125 አምፒር ፊውዝ ያስፈልጋል። ፊውዙን ለማትረፍ ብሎ መተው እሳት መጋበዝ ነው። የሐይቁ እርጥበት ተርሚናሉን ስለሚያዝገው ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ይቀባ።

ለዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ለደቅ ወይም ለሌላ ደሴት ከሆነ የሚገዙት፣ የጀልባና የተሸካሚ ሒሳብ ይጨምሩ። 60 ኪሎውን ጄል ከወደቡ ሽቅብ ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ 12 ኪሎውን ሊቲየም አንድ ልጅ ይዞት ይወጣል። አሲድ ያለበት ባትሪ ጀልባ ላይ ካዘነበለ ይፈስሳል፣ ስለዚህ በገመድ ታስሮ ቀጥ ብሎ ይጓዝ።

ከመክፈልዎ በፊት

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ሳይጫንበት የቆየ ጄል ወይም አሲድ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። ሱቅ ውስጥ ከ12.4 በታች የወረደ አዲስ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ብዙ ስለቆየ ሰልፌት ጀምሮታል፤ አይውሰዱት።

በሊቲየም ቮልት አይታመኑ፤ ከሙሉ እስከ ሩብ ድረስ ቁጥሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። መፈተሻው ይህ ነው፦ ባትሪውን እስከ 14.4 ይሙሉት፣ በባትሪውና በ12 ቮልት አምፖሎቹ መካከል ዋትሜትር ያስገቡ፣ 120 ዋት ያህል ጭነው መከላከያ ቦርዱ ራሱ እስኪቆርጥ ይተዉት። ትክክለኛ ባለ 100 አምፒር ከሆነ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። ዋትሜትሩ ከ1,150 ዋት-ሰዓት በታች ካሳየ ይመልሱት። ይህን ሙከራ በመጀመሪያው ሳምንት የማድረግ መብት በደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ። የዋስትናውን ዓመትም ይመልከቱ፦ 6,000 ጊዜ ይሞላል እያለ የአንድ ዓመት ዋስትና ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በስሌትዎ ውስጥ ዕድሜውን በግማሽ ይቁረጡት።

አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር አያጣምሩ። አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ አቅም ይጎትተዋል፣ የከፈሉበትም ገንዘብ እዚያው ይቀራል።

በመጨረሻ ከእርሳስ ባትሪው ዋጋ ላይ የሚቀነስ አንድ ነገር አለ፦ ሲሞት እርሳሱ ይሸጣል። ቆራሌው በኪሎ ስንት እንደሚወስደው ጠይቀው ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። ሲሸጡ ግን ከነአሲዱ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ይስጡት። ክብደቱን ለመቀነስ ተብሎ ጓሮ ውስጥ የሚደፋ አሲድ እርሳስ ይዞ ነው የሚወርደው፣ በጣና ዳር ደግሞ መንገዱ ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ ሐይቁ ነው።