የእጅ ባትሪ ለቤቱ ሁሉ፦ ምን የት ይቀመጥ፣ በምን ይሥራ

ደሴም ሆነ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ፣ አንድ ቤት ውስጥ አራት አምስት የእጅ ባትሪ አይጠፋም። አንዱ የግንባር ነው፤ አንዱ ሶኬት ላይ እየተሰካ የሚሞላ፤ አንዱ የሶላር፤ አንዱ ደግሞ በትልልቅ ድንጋይ የሚሠራው ረጅሙ የድሮ ባትሪ። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ሁሉም የሚዳብሰው ስልኩን ነው፤ ባትሪዎቹ የት እንዳሉ፣ ቢገኙም ይብሩ አይብሩ የሚያውቅ የለማ። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ላሉት ቦታና ሥራ ስጧቸው። ባትሪ የእገሌ ወይም የእገሊት ሲባል ከሰውዬው ጋር ይዞራል። የአልጋው፣ የበሩ፣ የቆጣሪው ሲባል ግን በጨለማ እጅ ሲዘረጋ እዚያው ይገኛል።

መጀመሪያ ሁሉንም አውጡ

በቀን ብርሃን፣ ቤት ውስጥ ያለውን ባትሪ በሙሉ ሰብስባችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። መሳቢያ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ የቀረ አይኑር። እያንዳንዱን አብርታችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ሲበራ ደህና ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚደበዝዝ ከሆነ ድንጋዩ አልቋል። ሲመቱት የሚበራ፣ ሲነቀንቁት የሚጠፋ ከሆነ ግን ድንጋዩን አትጠርጥሩ፤ ሞላው ዝጓል ወይም ክዳኑ እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። ጭራሽ እምቢ ያለውን አዲስ ድንጋይ ከታችሁ፣ የመደመር ምልክቱ በትክክል መዞሩን አይታችሁ ካልሞከራችሁ በቀር አትጣሉት።

ቀጥሎ በሚሠሩበት ኃይል ለዩዋቸው። ብዙ ቤት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ የሰዓት ድንጋይ ይፈልጋል፣ አንዱ የሪሞት፣ አንዱ ትልቁን የራዲዮ ድንጋይ፣ አንዱ ክቡን የሳንቲም ድንጋይ። የአንዱ ሲያልቅ ከሌላው መበደር አይቻልም። የእኛ ምክር ሁለት ዓይነት ብቻ ማስቀረት ነው፦ ደብል ኤ የሚባለው የሰዓት ድንጋይ እና በስልክ ቻርጀር የሚሞላው። የሰዓት ድንጋይ በየሰፈሩ ሱቅ አለ፤ ሲቸግር ከግድግዳው ሰዓትም ይነቀላል። የሪሞት ድንጋይ ቅርጹ ቢመሳሰልም ጉልበቱ የሰዓቱን ድንጋይ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሦስት የሪሞት ድንጋይ የሚበላ ባትሪ ሁለት የሰዓት ድንጋይ ከሚበላው ቀድሞ ይደክማል። ከሁለቱ ውጭ የሆኑትን እስኪያልቁ ተጠቀሙባቸው፤ ሌላ ግን አትጨምሩባቸው።

የት ይቀመጥ

ከአልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ደካማው ይሁን። ለሽንት ለሚነሳ፣ በረመዳን ለሱሁር ቀድማ ለምትነሳ እናት፣ ከ1 እስከ 5 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በቂ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ኃይለኛ ብርሃን ይህን ልምድ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል፣ ጎን የተኛውንም ይቀሰቅሳል። የአልጋው ባትሪ ብዙ እርከን ካለው ሁልጊዜ ከዝቅተኛው የሚጀምረውን ምረጡ።

ቆጣሪውና ብሬከሩ ጋ የግንባር ባትሪ ስቀሉ። እዚያ የሚሠራ ሰው ሁለት እጁን ይፈልጋል፤ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ፊውዝ የሚነካካ ሰው አንድ ቀን ይንሸራተትበታል። ቆጣሪው እርጥብ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ በባትሪው ከሩቅ አይታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

የበሩ ባትሪ የቤቱ ኃይለኛው ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ሽንት ቤት፣ በረት፣ ውሻ የሚጮህበት አጥር፣ አንዳንድ ሰፈር ደግሞ ጅብ አለ፤ ስለዚህ 200 ሉመንና ከዚያ በላይ የሆነው እዚህ ይሁን። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የሉመን ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ስለሆነ ማታ ግቢው ጫፍ ድረስ አብርታችሁ ለዩ። ክረምት ስላለም ውሃ የሚችል መሆኑን እዩ፦ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ካለበት ዝናብ ቢረጭበት አይጎዳም፤ አይ ፒ ኤክስ 7 ከሆነ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል።

የማድቤቱን ባትሪ ማድቤት ውስጥ አትስቀሉት። ጭሱ መስታወቱ ላይ ቀጭን ቅባታም ጥቀርሻ ያለብሰዋል፣ የድስት እንፋሎቱ ደግሞ ገብቶ ሞላውን ያዝገዋል። ከበሩ ውጭ፣ ጣሪያው በሚከልለው በኩል ይሁን፤ መስታወቱን በየሁለት ሳምንቱ በትንሽ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።

ለሳሎን የተለየ ባትሪ መግዛት አያስፈልግም። ነጭ ኮርኒስ ካላችሁ አንዱን ባትሪ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አብሩት፤ ብርሃኑ ከኮርኒሱ ተመልሶ ክፍሉን ሁሉ ይሸፍናል፣ የማንንም ዓይን አይወጋም። ኮርኒስ የሌለው ወይም ጣሪያው በጭስ የጠቆረ ቤት ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ጥቁር ነገር ብርሃኑን ይውጠዋል። ያን ጊዜ በውሃ የተሞላ ሃይላንድ ውሰዱና የግንባር ባትሪውን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ በጎማው እሰሩበት። ነጭ የዘይት ጀሪካን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ቡና ለማፍላትና ለወዳጃ ጸሎት ለተሰበሰበ ሰው ይበቃል።

አንድ ባትሪ ደግሞ ተጓዥ ተብሎ ይለይ። ይህ ከሌለ ሌላው አደራደር ሁሉ ይፈርሳል። ለሱብሂ መስጊድ የሚሄድ፣ ለማኅሌት ወይም ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በእጁ የገባለትን ይዞ ይወጣል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የበሩ ወይም የአልጋው ነው። የተጓዡን ባትሪ ከጃኬቱና ከጃንጥላው ጎን ስቀሉት፣ ለጎረቤት የሚዋሰውም እሱ ብቻ ይሁን።

አሰቃቀሉ እንዲህ ነው። ምስማሩን ከበሩ እጀታ በኩል፣ ከመሬት 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ምቱ። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ የተመታ ምስማር ሳምንት አይቆይም፤ ግድግዳውን በጣታችሁ እያንኳኳችሁ እንጨቱን ፈልጉ። ብሎኬት ከሆነ በመሰርሰሪያ በስታችሁ ፊሸር ክተቱ። ባትሪው የእጅ ማንጠልጠያ ከሌለው በክር ቀለበት ሥሩለት፤ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉ። ጥቁር ባትሪ በጨለማ አይታይም፤ ነጩ ግን ከመስኮት በሚገባ ትንሽ ብርሃን እንኳ ይለያል። ፕላስተሩ ላይ የቦታውን ስምና ድንጋይ የተቀየረበትን ወር ጻፉ፦ «በር፣ ጥቅምት» ብሎ።

ድንጋዩ ለምን ያፈሳል፣ ሲያፈስስ ምን ይደረጋል

ከእጅ ባትሪ ይልቅ ድንጋዩን መንከባከብ ይበልጣል፤ ብዙውን ባትሪ የሚገድለው የፈሰሰ ድንጋይ ነውና። ሄቪ ዱቲ የሚል የተጻፈበት ርካሹ ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፤ ኃይል ሲሰጥ እየተበላ ይሄዳል፣ ሲያልቅም ይበሳና ያፈሳል። አልካላይን የሚባለው ድንጋይ ደግሞ ቆርቆሮው ባይበላም፣ ሲያልቅ ውስጡ ጋዝ ፈጥሮ ማሸጊያውን ይገፋል። በሁለቱም በኩል ያለቀ ድንጋይ ባትሪ ውስጥ ማስቀመጥ ነው ጥፋቱ። አሮጌና አዲስ አንድ ላይ መክተትም እንደዚያው ነው፦ ጠንካራው ደካማውን ከባዶ በታች ይገፋዋል፣ ደካማው ያፈሳል። ሲቀየር ሁሉም በአንዴ፣ አንድ ዓይነት ይሁን።

የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሙቀት ውስጡ ያለውን ኬሚካል ለጥቂት ጊዜ ስለሚያፈጥነው በእርግጥም ትንሽ ያበራል። አዲስ ጉልበት ግን አይጨምርም፤ ማሸጊያውን ያላላና የማፍሰሻውን ቀን ያቀርባል። ለአንድ ሌሊት ካስፈለጋችሁ ተጠቅማችሁ ጠዋት አውጡት።

ፈስሶ ከተገኘ፦

1. እጃችሁ ላይ ጓንት ወይም ፌስታል አድርጉ፤ አልካላይን የሚያፈሰው ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ድንጋዩ ተጣብቆ ከሆነ ቀስ እያላችሁ አዙራችሁ ሳቡት፤ በመዶሻ አትምቱት።
2. የአልካላይን ነጭ ቅርፊት ከሆነ ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ ነክራችሁ ጥረጉ፤ አረፋ ሲል እየሠራ ነው። የሄቪ ዱቲው ፈሳሽ ግን ራሱ አሲዳማ ስለሆነ ሎሚ አይሆነውም፤ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ጥረጉት።
3. ውሃ በነካ ጨርቅ አጥሩና ክዳኑን ከፍታችሁ ግማሽ ቀን በጥላ አድርቁት።
4. ሞላውንና መገናኛውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ። ሞላው ተበልቶ ከሳሳ ከሌላ የሞተ ባትሪ ነቅላችሁ ቀይሩት።

ለሁለት ወር የማትነኩት ባትሪ ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ ከጎኑ በላስቲክ አስሩት። የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ያላቸው ጠፍተውም ትንሽ ትንሽ ኃይል ይመጥጣሉ፤ በብዙዎቹ ላይ የኋላ ክዳናቸውን ሩብ ዙር ማላላት ይህን ያቆመዋል፣ ሻንጣ ውስጥም በራሱ እንዳይበራ ያደርጋል።

የሚሞሉት

ሶኬት ላይ የሚሰካው ከባዱ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የእርሳስ ባትሪ ነው። ባዶውን ከቆየ እርሳሱ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ከዚያ ወዲያ አይሞላም። ስለዚህ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ወር በገባ በ1 ቀን ሙሉት፤ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ግን አትተዉት፣ ርካሾቹ ሲሞሉ ራሳቸው አይቆርጡም። ተሰክቶ ሳለ አታብሩት፤ የብዙዎቹ ውስጣዊ ሽቦ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው።

18650 የሚባለው የሚሞላ የሊትየም ድንጋይ (ወርዱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር) ጥሩ ነው፣ ሐሰተኛው ግን በዝቷል። ላዩ ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ካያችሁ ተዉት፤ በዚህ ወርድና ቁመት ያለ ድንጋይ የሚይዘው ኃይል 3,600 ገደማ ላይ ያበቃል። በትንሽ ሚዛን አስመዝኑት፦ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ነው፤ ከ40 በታች ከሆነ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። በኮምቦልቻና በከሚሴ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀትር መሙላት ከ45 ዲግሪ ያሳልፈዋልና ዕድሜውን ይበላል። በደላንታና በመሰለው ደጋ ደግሞ ውርጭ በጣለበት ሌሊት ውጭ አትሙሉት፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳል።

የሶላሩን መስታወት ወደ ደቡብ አዙሮ መተው በታኅሣሥ ትክክል ነው። በሐምሌ ግን ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ስለምትል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ክረምቱ ደመናማ ነውና ሁለት ቀን ጠብቁለት፤ በስልክ ቻርጀርም የሚሞላ ከሆነ በእሱ አግዙት።

ጉም ሲወርድ

ከጦሳ ተራራ ጉም በወረደበት ምሽት ኃይለኛ ባትሪ በዓይን ትክክል ይዞ መሄድ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ያቆማል፤ ብርሃኑ ከጉሙ ጠብታ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባልና። የግንባር ባትሪው ከግንባር ወርዶ እጅ ላይ ይያዝ። ከወገብ በታች ዝቅ አድርጋችሁ፣ እርከኑን ቀንሳችሁ፣ ሦስት አራት እርምጃ ፊት ያለውን መሬት ብቻ አብሩ። ቢጫ ብርሃን ያለው ካላችሁ ለተጓዡ እሱን ስጡት፤ ነጸብራቁ ለዓይን ይቀላል።

ልጆች ካሉ

በክቡ የሳንቲም ድንጋይ የሚሠሩትን ትንንሽ የቁልፍ መያዣ ባትሪዎች ከቤት አውጡ፣ ወይም ክዳናቸው በቡሎን የሚዘጋውን ብቻ አስቀሩ። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል፤ ለማስታወክ ሳትሞክሩ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፣ የድንጋዩን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።

ያለቀውን ድንጋይ ምድጃ ውስጥ አትጣሉ፣ ይፈነዳል፤ ሽንት ቤት ጉድጓድና ማሳ ላይም አይጣል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ደረቅ ቦታ አጠራቅሙት። ሊትየም ከሆነ ሁለቱን ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ያለቀ የመሰለ ሊትየም ከሌላ ብረት ጋር ሲነካካ እሳት ለማስነሳት የሚበቃ ኃይል ሊቀረው ይችላል።