የግሪዘር ፀጉር በጄል አይሠራም

በአሜሪካ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የድሮ ዘመን ልብስ ለብሰው የሚመጡበት ቀን አላቸው። ያ ቀን ሲቃረብ እኔ የምሠራበት የቨርጂኒያ ፀጉር ቤት በልጆች ይሞላል። ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው ፀጉሩን ወደ ላይ የቆለለ፣ የቆዳ ጃኬት የደረበ ጎረምሳ ያሳዩኛል። «ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ!» ይሉኛል። ከኋላ የተቀመጡት እናቶቻቸው ፊታቸው ይጨልማል።

ይህን የፀጉር አሠራር ከልቤ እወደዋለሁ። ግሪዘር የሚባሉት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የነበሩ የአሜሪካ የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስማቸው የመጣው ከግሪስ ነው፤ የእኛ አገር መካኒኮች ግራሶ ከሚሉት። ፀጉራቸው በቅባት ያብረቀርቅ ነበርና። ዘንድሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ልጆች ያንኑ አንድ ስህተት ሠርተው መጡ። ያኔ ነው ይህንንና በየዓመቱ የማያቸውን ሌሎች ስህተቶች ቁጭ ብዬ ልጻፋቸው ያልኩት።

ጄል መቀባት

አራቱም ልጆች ከቤታቸው ጄል ተቀብተው ነው የመጡት። ፀጉራቸው እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። አንዱን በሚዶ ስነካው ነጭ ነጭ ነገር ትከሻው ላይ ረገፈ፤ ፎረፎር ይመስላል። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ልጆች፣ እባካችሁ ስሙኝ። ጄል በውሃ የተሠራ ነው። ውሃው ሲተን ይደርቃል፣ ፀጉሩንም እንዳለ ያቆመዋል። የግሪዘር ፀጉር ግን መድረቅ የለበትም። ጠዋት የተቀባው ማታም እርጥብ መስሎ ይውላል። እነዚያ ልጆች ከኋላ ኪሳቸው ሚዶ አይለያቸውም ነበር። መንገድ ላይ ቆመው ያበጥራሉ፣ የሱቅ መስኮት ፊት ያበጥራሉ፣ ሴት ልጅ ስታልፍ ያበጥራሉ። የስታይሉ ግማሽ ፀጉሩ ከሆነ ግማሹ ማበጠሩ ነው። በጄል የደረቀ ፀጉር ግን አንዴ ሚዶ ከገባበት አለቀለት።

የሚያስፈልገው ፖሜድ የሚባለው ወፍራም የፀጉር ቅባት ነው፤ ያውም በዘይት የተሠራው። ቫዝሊን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በየቤቱ ነበር። ብሪልክሪም በ1928 እንግሊዝ አገር ወጣ። መሪስ የሚባለው ደግሞ በብርቱካንማ ጣሳው ዛሬም ይሸጣል። ዛሬ «ፖሜድ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ በውሃ የተሠሩ ስለሆኑ ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ውሃ ከሆነ መልሱት።

አቀባቡ ቀላል ነው። የሽንብራ ፍሬ የምታክል ውሰዱ። በመዳፋችሁ መካከል እስኪቀልጥ እሹት። ከኋላ ጀምሩ፣ የግንባሩን ፀጉር መጨረሻ ላይ ያዙ። ከግንባር ከጀመራችሁ ቅባቱ ሁሉ እዚያው ይቀራል፣ ፀጉሩም ይወድቃል። ጎንና ጎኑን ወደ ኋላ አበጥሩት። ሁለቱ ጎኖች ማጅራት ላይ ሲገናኙ በሚዶው ጠርዝ ከላይ ወደ ታች መሃሉን ክፈሉት። የዳክዬ ጭራ የሚባለው ይሄ ነው። በ1940 እኔ ፈጠርኩት ያለው ጆ ቺሬሎ የሚባል የፊላደልፊያ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በመጨረሻ የግንባሩን ወደ ላይ አንሱትና ጥቂት ዘለላ ወደ ፊት ልቀቁ።

እጥበቱን ሳታስቡ መቀባት

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ፀጉር ላይ ግማሽ ጣሳ ፖሜድ ጨረስኩ። እናቱን «በሻምፑ ይለቃል» አልኳት። ማታ ደወለችልኝ። ልጁ ሦስት ጊዜ ታጥቧል፤ ቅባቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ትራሱ ተበላሽቷል። አባቱ ለሠርግ ያስገዛው ነጭ ሸሚዝ ኮሌታው ቢጫ ሆኗል። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ዘይትን የሚያስለቅቀው ዘይት ነው። ይህን ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ነው የተማርኩት። ፀጉሩ ደረቅ እንዳለ የወይራ ወይም ማንኛውንም የምግብ ዘይት እሹበት። አሥር ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ውሃ ሳይነካው ሻምፑውን በደረቁ እሹት። ለብ ያለ ውሃ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ ባይለቅ አትደንግጡ፣ በማግስቱ ድገሙት። ማታ ትራሱ ላይ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉ።

«የኛ ፀጉር አይሆንም» ብሎ በኬሚካል መተኮስ

ይህ ያናድደኛል ከማለት ያሳዝነኛል ብል ይሻላል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ፀጉሩን የሚያለሰልስ ኬሚካል ቤት ውስጥ ራሱ ተቀብቶ መጣ። ሰዓቱን አልጠበቀም። ጆሮው ጀርባ ቆስሎ ነበር። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው «የነጮች ፀጉር ስለሆነ ነዋ!» አለኝ።

አይደለም። ከግሪዘሮቹ ብዙዎቹ የጣሊያንና የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። የዳክዬ ጭራውን ቀድመው ከያዙት መካከል ፓቹኮ የሚባሉት የሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ልጆች ይገኛሉ። በ1943 የባሕር ኃይል ወታደሮች ሰፊ ልብሳቸውን እያወለቁ መንገድ ላይ የደበደቧቸው እነሱን ነው። «ግሪዘር» የሚለው ቃልም ከፀጉሩ ስታይል በፊት ሜክሲኮዎችን መስደቢያ ነበር። በ1855 ካሊፎርኒያ ውስጥ በእነሱ ላይ የወጣ አንድ ሕግ እስከ ዛሬ በዚህ ስድብ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሜክሲኳዊ የክፍል ጓደኛችሁን በዚህ ስም አትጥሩት።

ጥቁሮቹም ነበሩበት። ከላይ የጠቀስኩትን መሪስ በ1925 ቺካጎ ውስጥ የጀመረው ጥቁር ፀጉር አስተካካይ ነው። የሠራው ለእኛ ዓይነት ፀጉር ነው። ጥቁሩ ዘፋኝ ሊትል ሪቻርድ የቆለለው ፀጉር ደግሞ ከማንም ነጭ ዘፋኝ ከፍ ያለ ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ወጣቶች ፀጉራቸውን ለመዘርጋት ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ውህድ ይቀቡ ነበር። ራሳቸው እየተቃጠለ ጥርሳቸውን ነክሰው ይታገሡታል። እናንተ ይህን ስቃይ መድገም የለባችሁም። ፀጉራችሁ ከርዳዳ ከሆነ አጠር አድርጋችሁ ተቆረጡት። መሪስ ቀቡት፣ በጠንካራ ብሩሽ ወደ ፊትና ወደ ጎን ቦርሹት፣ ማታ በጨርቅ እሰሩት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞገድ ይሠራል። እሱም የዘመኑ ነው። ዞማ ከሆነ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት አድርጉት።

ነጩ የሮክ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ ራሱ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባ ነበር። የተፈጥሮ ፀጉሩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ ነው።

ለጃኬት ብር መጨረስ

ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የ200 ዶላር የቆዳ ጃኬት አትግዙ። የፕላስቲኩንም አትግዙ፣ ከሩቅ ያስታውቃል።

ግሪዘር ሁሉ የቆዳ ጃኬት ነበረው የሚለውን ያስለመዱን ፊልሞች ናቸው። ሰያፍ ዚፕ ያለውን ጥቁር የሞተረኛ ጃኬት ኢርቪንግ ሾት ኒው ዮርክ ውስጥ በ1928 ሠራው። ያኔ ዋጋው 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በ1953 ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ በፊልም ላይ የዚህ ዓይነት ጃኬት ለብሶ ትሪምፍ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣ። ዓለም ያንን ምስል ያዘ። ሌላው ተዋናይ ጄምስ ዲን ግን በ1955ቱ ፊልም ላይ የለበሰው ቀይ የጨርቅ ጃኬት ነው። የሚጫወተውም የደህና ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ነው። ኤልቪስ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቆዳ ለብሶ የታየበት ዝነኛው የቴሌቪዥን ዝግጅት የ1968 ነው፤ ያኔ 33 ዓመቱ ነበር።

ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚያሳዩኝ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ1978ቱ የሙዚቃ ፊልም ነው። ያ የሰባዎቹ ትዝታ ነው። የሃምሳዎቹ ልጅ የሚለብሰው ያለውን ነው፦ የጋራዥ ጃኬት፣ የጂንስ ጃኬት፣ ቀላል የጨርቅ ጃኬት። ከሥር ነጭ ካናቴራ። ካናቴራ ያኔ የውስጥ ልብስ ነው። እሱን ብቻ ለብሶ አደባባይ መውጣቱ በራሱ አመፅ ነበር።

ቆዳው ግን በእርግጥ ያስፈራ ነበር። በ1974 ስለ ሃምሳዎቹ የሚያወራ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲጀምር ጣቢያው ግሪዘሩ ገጸ ባሕርይ ቆዳ እንዲለብስ አልፈቀደም። ወንጀለኛ ያስመስለዋል ብለው ነው። በኋላ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ ሲሆን ብቻ ተፈቀደለት።

ጠባብ ጂንስ አይሆንም። ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ የማይለጠጥ ጂንስ ፈልጉ። ጫፉን ወደ ላይ እጠፉት። ይታጠፍ የነበረው ሱሪው ሲታጠብ ስለሚያጥር ረዘም አድርገው ይገዙት ስለነበር ነው። ጥቁር ቡትስ ወይም ኮንቨርስ ካላችሁ በቂ ነው። ካናቴራው እጅጌ ላይ የሚጠቀለለውን የሲጋራ ፓኮ ተዉት፣ ትምህርት ቤት ያስቀጣችኋል። በምትኩ የካርታ መጫወቻ ፓኮ ጠቅልሉ፤ መጠኑ ይቀራረባል።

ሴቶች ልጆች የውሻ ሥዕል የተለጠፈበትን ሰፊ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው «ግሪዘር ነኝ» ይላሉ። ያን ቀሚስ በ1947 የሠራችው ጁሊ ሊን ሻርሎት ናት፤ የለበሱትም ጨዋ የሚባሉት ልጆች ናቸው። የግሪዘሮቹ ሴቶች ጠበብ ያለ ጉርድ፣ አንገት ላይ የታሰረ ሻርፕ፣ በሚዶ ወደ ኋላ ተፈትሎ የተቆለለ ፀጉር ነበራቸው።

ልጄ ዱርዬ ሆነ ብሎ መደንገጥ

አንዲት እናት ልጇን ጨርሼ ወንበሩን ወደ እሷ ሳዞር እንባ አቀረረች። «ወንድሜ፣ ልጄን ዱርዬ አስመሰልክብኝ» አለችኝ። አልተቆጣሁም። የአሜሪካ ወላጆችም እንደሷ ፈርተው ነበር። ትምህርት ቤቶች ጂንስ ከልክለዋል። በ1954 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ልጆችን ያበላሻል ብሎ የሥዕል መጽሔቶችን ጉዳይ ሳይቀር መርምሯል።

እኔ ለወላጆች የምነግራቸው ይህንን ነው። ከእነዚያ ልጆች ቢላ የያዙም የተደባደቡም ነበሩ፣ አልክድም። ብዙዎቹ ግን ሠራተኞች ነበሩ። መኪና ይጠግናሉ፣ ፋብሪካ ይገባሉ። ኤልቪስ በ1953 ከሁለተኛ ደረጃ ከተመረቀ በኋላ ሜምፊስ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ኮሌጅ የሚያስገባ ገንዘብ ለሌለው ልጅ እንደ ልቡ ማድረግ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ፀጉሩ አንዱ ነው። ጣሳ ቅባት ያኔ በሳንቲም ይገኝ ነበር።

የዚያች ሴት ባል ዘግይቶ ገባ። ልጁን አየና ሳቀ። «አለማየሁ እሸቴን!» አለ። አለማየሁ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እየተባለ ይጠራ እንደነበር ልጁ አያውቅም። አባቱ እዚያው ስልኩን አውጥቶ ዘፈን ከፈተለት። እናትየዋም ዓይኗን ጠርጋ ግጥሙን ተከትላ ማንጎራጎር ጀመረች።

በቶንዶስ ጎኑን መላጨት

ለዘንድሮ የረፈደባቸው ብዙ ናቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግን ልንገራችሁ። ጎንና ጎኑ ወደ ቆዳው ድረስ የተላጨ ፀጉር የዛሬ ፋሽን ነው። የዳክዬ ጭራ የሚሠራው ከጎን በሚመጣ ረጅም ፀጉር ነው። ጎኑ ከተላጨ ማጅራት ላይ የሚገናኝ ነገር የለም። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው፤ ለጭራው ቢያንስ ስምንት ሴንቲ ሜትር እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሰባት ወር ሲቀረው ጎኑን ማንም እንዳይነካባችሁ። ስትመጡ ታጥባችሁ ኑ፣ ምንም አትቀቡ። ሚዶ እኔ እሰጣችኋለሁ።