የድሮዋ ኮሮላ ቴፕ ከስልክ ሙዚቃ እንዲያጫውት ያደረግሁት

የኮሮላዬ ቴፕ ከካሴትና ከሬዲዮ ሌላ አያውቅም። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ስነዳ ግን ስልኬ ላይ ያሉትን የጎጃም ዘፈኖች መስማት እፈልጋለሁ። ላይተር ላይ የሚሰካው፣ የስልኩን ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚልከው ኤፍ ኤም ትራንስሚተር አልሆነልኝም። ከተማ ስገባ ጣቢያ እየገባበት ይንጫጫል።

የሠራልኝ ካሴት የሚመስለው አዳፕተር ነው። ገመዱ ስልክ ላይ ይሰካል። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሄድ ድምፁን በማግኔት ለቴፑ ሄድ (ካሴቱን ለሚያነበው ክፍል) ታስተላልፋለች።

መጀመሪያ ድምፁ የታፈነ ነበር። ጥጥ በአልኮል ነክሬ የቴፑን ሄድ ቀስ ብዬ ጠረግሁ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ የስንት ዓመት የካሴት ብናኝ! ከዚያ በኋላ ማሲንቆው ጥርት አለ። ድምፅ ጭራሽ ከጠፋባችሁ ቴፑ ወደ ሌላው የካሴት ገጽ ዞሮ ይሆናል፤ መገልበጫውን ተጫኑ።

አንድ ነገር ቀረ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ሲር የሚል ድምፅ አብሮ ይጨምራል። ከዲናሞው የሚመጣ ነው። ቻርጀሩን ስነቅል ጠፋ። ስለዚህ ስልኩን ቤት ቻርጅ አድርጌ እወጣለሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ የቀረውን በቴፑ አስተካክላለሁ፤ ቴፑ የሚያሰማው ሹክሹክታ ይቀንሳል።