በትንሽ መርከብ ወደ ስቫልባርድ ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቸርችል ጎዳናና በስታዲየም አካባቢ ባሉ የጉዞ ወኪሎች በር ላይ የሚለጠፈው ዱባይና ኢስታንቡል ነው። ቢሆንም ስለ ስቫልባርድ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ውጭ ያሉ ልጆቻቸው ጉዞውን በስጦታ የገዙላቸው ወላጆች ናቸው። ሌሎቹ ካሜራ የማይለያቸው፣ ለዓመታት ገንዘብ ያጠራቀሙ ወጣቶች ናቸው። ሁለቱም ደስ ይሉኛል። ጉዞው ውድ ስለሆነ በቀላል ነገር ሲበላሽ ማየት ግን ያሳዝነኛል።

ስቫልባርድ ከኖርዌይ ዋና ምድር በስተሰሜን ያለ፣ በኖርዌይ ሥር የሚተዳደር የደሴቶች ስብስብ ነው። ትልቁ ከተማ ሎንግየርባይን በ78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ከዚያ የሚነሱት ትናንሽ መርከቦች በገደላማው ዳርቻና በበረዶ ግግሮቹ ሥር ይጓዛሉ። መንገደኛው ዞዲያክ በሚባል የጎማ ጀልባ ወደ ምድር ይወርዳል። በምትወርዱበት ቦታ ሱቅ የለም፣ ፋርማሲ የለም፣ መንገድም የለም። አዲስ አበባ ላይ የረሳችሁትን እዚያ አታገኙትም።

ትልቁ ስህተት የቪዛ ነው። «ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም» የሚል ነገር ያነበበ ሰው ይዘናጋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ደሴቶቹ ለመግባት ቪዛ አይጠይቁም። ግን እዚያ የምትደርሱት በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ነው፤ ኖርዌይ ደግሞ የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ አባል ናት። ስቫልባርድ ከሸንገን ውጭ ነው። ስለዚህ ኦስሎ ስትደርሱ አንድ ጊዜ ገባችሁ ማለት ነው። ወደ ሎንግየርባይን ስትበሩ ወጣችሁ። ስትመለሱ እንደገና ልትገቡ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መመለሻው ላይ ችግር ውስጥ ይወድቃል። ማመልከቻው ላይ ሁለት ጊዜ መግቢያ የሚለውን ምረጡ። የመርከቡን የጉዞ ፕሮግራም አያይዙ፤ ለምን ሁለቴ እንደምትገቡም በደብዳቤው ላይ ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ። ቪዛው ሲመጣ ከቢሮው ሳትወጡ የመግቢያውን ቁጥር እዩ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ፓስፖርታችሁ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ መሆን አለበት።

ኢንሹራንሱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ሽፋን ቢያንስ 30,000 ዩሮ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ገዝቶ ጨረስኩ ይላል። ወረቀቱ ላይ «በሸንገን አገሮች ውስጥ» ብቻ የሚል ከሆነ ስቫልባርድን ላይጨምር ይችላል። የሎንግየርባይን ሆስፒታል ትንሽ ነው፤ በጠና የታመመ ሰው በአውሮፕላን ወደ ትሮምሶ ይወሰዳል። ከመርከብ በሄሊኮፕተር መነሳትም ሊኖር ይችላል። ስቫልባርድ የሚለው ስም፣ የባህር ጉዞውና ድንገተኛ የሕክምና ማጓጓዣው በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ። በቃል «ይሸፍናል» መባሉ አይበቃም።

ሌላው፣ ብሮሹሩ ላይ ያለውን ካርታ እንደ ውል መያዝ ነው። ካርታው ሐሳብ ነው። የት እንደሚወረድ ካፒቴኑና የጉዞው መሪ የሚወስኑት በየቀኑ ነው። ነፋስ ሲነሳ፣ ጉም ሲወርድ ወይም በረዶው መግቢያውን ሲዘጋ ዕቅዱ ይቀየራል። የዋልታ ድብ ዳርቻው ላይ ከታየ ማንም አይወርድም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ሕግ ነው፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ 500 ሜትር። ስለዚህ «ድብ በቅርብ ካላየሁ ገንዘቤ ባከነ» ብሎ የሚሄድ ሰው ገና ከቦሌ ሳይነሳ ራሱን አሳዝኗል። ጥሩ መነጽር፣ ማለትም ባይኖኩላር ይዛችሁ ሂዱ፤ ለፎቶም ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። በምድር ላይ አስጎብኚዎቹ ጠመንጃ የሚይዙት ድብ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ስለሚችል ነው። ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ከቡድኑ እንዳትነጠሉ።

በዋጋ ተስቦ ትልቅ መርከብ መምረጥም አለ። አሁን ባለው ሕግ ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ወደ ተጠበቁት አካባቢዎች አይገባም፤ የደሴቶቹ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የተጠበቀ ነው። የመንገደኛውን ቁጥር ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ።

ለክረምት ዕረፍት ብለው በሐምሌ ሄደው የሰሜን ብርሃንን፣ ማለትም በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን የሚጠብቁም አሉ። አይታይም። በሎንግየርባይን ከኤፕሪል 20 ገደማ እስከ ኦገስት 22 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። ብርሃኑን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል።

ይህ የማትጠልቅ ፀሐይ ለእኛ ሰው ሌላ ጣጣ አለው። መርከቡ ላይ «ሰባት ሰዓት ቁርስ» ሲባል የእኛ አንድ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብትሳሳቱ የውጭውን ብርሃን አይታችሁ ታርሙታላችሁ። እዚያ ግን እኩለ ሌሊትም ቀን ነው። በተለይ ወላጆች ዕድሜ ልካቸውን በኖሩበት አቆጣጠር ስለሚያስቡ የቀኑን ፕሮግራም በእኛ ሰዓት ጻፉላቸው። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ የኖርዌይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ጾሙንም አስቡበት። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ መርከቦቹ በብዛት የሚንቀሳቀሱበት ወቅት ነው። ምግቡ የሚጫነው ከመነሻው ወደብ ስለሆነ የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ ቦታ ስትይዙ ተናገሩ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበሉ አንድ በአንድ ጻፉ። እስኪመሽ የሚጾም ሰው ደግሞ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ጥሩ ነው።

ልብስ ላይ «ብርድ እናውቃለን» የሚለው ንግግር ያታልላል። የእንጦጦን ሌሊትና የደብረ ብርሃንን ጠዋት እናውቃለን፤ እውነት ነው። የስቫልባርድ ሐምሌም ከ3 እስከ 7 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በቁጥር ሲታይ አያስፈራም። የሚጎዳው ነፋሱና እርጥበቱ ነው። በዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመር ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 7 ያህል ነው። በዞዲያክ ላይ ደግሞ ውሃ ይረጫል። ጋቢ ለካቢን ያምራል፤ ለጀልባ ግን አይሆንም፤ ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይይዝም። ጂንስም እንደዚያው ነው። ከውስጥ ሱፍ፣ መሃል ፍሊስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። መርካቶ ሳልቫጅ ተራ ውስጥ ጥሩ የበረዶ ጃኬት በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል፤ ቤት ወስዳችሁ ውሃ አፍስሱበትና ሞክሩት። የጎማ ቦት ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ድርጅቱን ጠይቁ፤ ብዙ መርከቦች ያውሳሉ። የራሳችሁን ጫማ ከወሰዳችሁ ሶሉን በደንብ እጠቡት፤ የእኛ አገር ዘርና አፈር እዚያ መግባት የለበትም።

ገንዘብ ላይ በአጭሩ፦ ኖርዌይ የምትጠቀመው በክሮነር ነው፤ ክፍያው በአብዛኛው በካርድ ነው። የባንክ ካርዳችሁ ውጭ አገር እንደሚሠራ ባንካችሁን ጠይቁ። መርከቡ ከሚነሳበት አንድ ቀን ቀድማችሁ ሎንግየርባይን ግቡ፤ አውሮፕላን ስለዘገየ መርከብ አይጠብቅም። መድኃኒትና ሙቅ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሁን።

ትንሽ መርከብ ይናወጣል። ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ክኒን መዋጥ ብዙም አይረዳም፤ ባህሩ ከመነሳቱ በፊት መወሰድ አለበት። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው አባቶችና እናቶች አንዳንዶቹ ክኒኖች ስለማይስማሟቸው አዲስ አበባ እያሉ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ካቢን ስትመርጡ ከመርከቡ መሃልና ከታችኛው ፎቅ ይሁን። እንቅስቃሴው እዚያ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ዝቅ ይላል።

ለመታሰቢያ ብሎ ነገር ማንሳትም መቅረት አለበት። በስቫልባርድ እ.ኤ.አ. ከ1946 በፊት የነበረ የሰው ሥራ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው። የአዳኞች ጎጆ፣ የዛገ ሚስማር፣ የተሰበረ ሳንቃ፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ቆሻሻ የሚመስለው ነገር የሰዎች ታሪክ ነው፤ እኛም ቅርሳችንን ተወስዶብን ስለምናውቅ ይህ ሊከብደን አይገባም።

በመጨረሻ የስልክ ነገር። በባህሩ ላይ ኔትወርክ ለብዙ ሰዓት ይጠፋል። ኒ ኦለሱን የምትባለው የምርምር መንደር ስትደርሱ ደግሞ በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ዋይፋይና ብሉቱዝ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ የሳይንስ መሣሪያዎቹን ይረብሻል። ይህን ለቤተሰብ ሳይናገሩ መሄድ አራት ኪሎ የተቀመጠችን እናት ሌሊቱን ሙሉ ያስጨንቃል። ስልካችሁ የማይሠራባቸውን ቀኖች ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የመርከብ ድርጅቱን የቢሮ ስልክም ለአንድ የቤተሰብ አባል ትታችሁ ሂዱ።