በቨርጂኒያ የሬክለስ ቲኬት ሲሰጥዎት የኡበርና የሊፍት ሥራዎን ለማትረፍ ምን ማድረግ አለብዎት?

አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን ወይም ፌርፋክስ አካባቢ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዱ ከሆነ፣ በጣም ሊጠነቀቁለት የሚገባ አንድ ቲኬት አለ። ሬክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) ይባላል። ብዙ ወገኖቻችን እንደ ማንኛውም የፍጥነት ቲኬት ያዩታል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን ወንጀል ነው። ከተፈረደብዎት ደግሞ በአፕ የመሥራት ፈቃድዎ ለ3 ዓመት ይዘጋል። ሥራዎ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በፍርድ ቤቱ ቀን ነው። ስለዚህ እስከዚያ ያለውን ጊዜ በደንብ ይጠቀሙበት።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ

ፖሊሱ በሰጠዎት ወረቀት ላይ የሕግ ቁጥር አለ። 46.2-862 የሚል ከሆነ በፍጥነት ምክንያት የመጣ ሬክለስ ነው። ይህ የሚሆነው ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ሲያልፉ ነው። ወይም ደግሞ፣ ገደቡ ምንም ይሁን ምን፣ ከ85 ማይል በላይ ሲነዱ ነው። 55 በተጻፈበት መንገድ ላይ 75 መንዳት በቂ ነው። 70 በሚፈቅድ ሀይዌይ ላይ 86 ከነዱም፣ ያለፉት 16 ማይል ብቻ ቢሆንም፣ ያው ሬክለስ ነው። ልጆች ለማውረድ የቆመ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ማለፍ ወይም ፍሬኑ የተበላሸ መኪና መንዳትም በዚሁ ስም ሊያስከስስ ይችላል።

ከፍተኛው ቅጣት 12 ወር እስር፣ 2,500 ዶላር እና እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይታሰርም። ፍጥነቱ ወደ 100 ሲጠጋ ግን ዳኞች እስርን በቁም ነገር ያስባሉ። ከዚህ በተጨማሪ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) 6 የጥፋት ነጥብ ይመዘግብብዎታል፤ ጥፋቱም መዝገብዎ ላይ 11 ዓመት ይቆያል።

«ልክፈልና ልገላገል» አይሠራም

ይህ ቲኬት በኦንላይን ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ፍርድ ቤት መቅረብ ግዴታ ነው። ከቀሩ በሌሉበት ሊፈረድብዎት ወይም በመቅረትዎ ብቻ ሌላ ክስ ሊመጣብዎት ይችላል። ቀርበው «አዎ አጥፍቻለሁ» ብለው ቶሎ መውጣትም አያዋጣም። የቨርጂኒያ ሕግ ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ በሬክለስ የተፈረደበትን ሰው በአፕ ተሳፋሪ እንዲጭን አይፈቅድም። በ3 ዓመት ውስጥ ከ3 በላይ የትራፊክ ጥፋት ያለበትም እንዲሁ ነው። ጠጥቶ በማሽከርከር ከሆነ 7 ዓመት ይሄዳል። የኡበር ወይም የሊፍት ሠራተኛ ቢያዝንልዎት እንኳ ሕጉን ማለፍ አይችልም።

የዲሲ ወይም የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። ቨርጂኒያ ውስጥ የተሰጠው ፍርድ ወደ ግዛታችሁ ይላካል።

ከቀጠሮው በፊት የሚሠሩ ነገሮች

የመንጃ መዝገብዎን ከዲኤምቪ ያውጡ። ንጹህ መዝገብ ዳኛ ፊት ትልቅ ክብደት አለው። ቀጥሎ ዲኤምቪ የሚያውቀውን የ8 ሰዓት የማሽከርከር ማሻሻያ ኮርስ ሳይታዘዙ ይውሰዱ። ሰርተፊኬቱን ይዘው ሲቀርቡ ነገሩን አክብደው እንዳዩት ያሳያል። የመኪናዎን የፍጥነት መለኪያም በጋራዥ ያስመርምሩ። ካሳየው በላይ እየነዱ እንደነበር ከተረጋገጠ ወረቀቱ ሊረዳዎት ይችላል።

ጠበቃ ይያዙ። እዚህ ላይ ብር መቆጠብ ጥበብ አይመስለኝም፤ የጠበቃውን ክፍያ ከ3 ዓመት ገቢዎ ጋር ያነጻጽሩት። ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት ዘወትር የሚቆም ጠበቃ ይምረጡ፤ የዳኞቹን ጠባይ ያውቃል። ኡበር እንደሚነዱ በግልጽ ይንገሩት። የሚፈልጉት ቅጣቱ እንዲቀንስ ብቻ አይደለም። የክሱ ስም እንዲለወጥ ነው። ዳኛው ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ሊያወርደው ይችላል። ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ወደሚባለውም ሊቀይረው ይችላል፤ ይሄኛው ወንጀል አይደለም፣ 3 ነጥብ ብቻ ነው፣ ቅጣቱም ከ500 ዶላር አያልፍም።

አረንጓዴ ካርድ ላይ ያላችሁ፣ ይህን ለጠበቃው መንገር አትርሱ። ክሱ የወንጀል ስለሆነ በዜግነት ማመልከቻ ላይ ይጠየቃል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ክፍያ የለውም። «ገባኝ» እያሉ ሳይገባዎት መልስ መስጠት በጣም አደገኛ ነው።

ኢንሹራንሱ

ሬክለስ ከተፈረደብዎት ኢንሹራንሱ በእድሳት ጊዜ መዝገብዎን አይቶ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አያድስልዎትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ዋጋው ሲጨምር «ፉል ከቨሩን ላውጣና ላይቢሊቲ ብቻ ልያዝ» ይላል፤ የራሱን መኪና የሚያሠራውን ሽፋን ትቶ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለውን ብቻ ይይዛል ማለት ነው።

አፕ ከፍተው ጥሪ ሲጠብቁ ኡበር ወይም ሊፍት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ለአንድ ሰው 50,000፣ ለአደጋው በጠቅላላ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ይሸፍናል። ጥሪ ከተቀበሉ ጀምሮ ተሳፋሪው እስኪወርድ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ ሁሉ ግን ለሌላው ሰው ነው። የእርስዎን መኪና የሚያሠራው ጥሪ ከተቀበሉ በኋላ ሲሆን፣ እሱም በግል ኢንሹራንስዎ ኮሊዥን (ሲጋጩ የራስዎን መኪና የሚያሠራ ሽፋን) ካለዎት ብቻ ነው፤ ያኔም የመጀመሪያው 2,500 ዶላር ከኪስዎ ይወጣል። ኮሊዥኑን ካወጡ የኡበር ወይም የሊፍት የመኪና ሽፋንም አብሮ ይቀራል። ዕዳው ያላለቀ መኪና ካለዎት ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ሽፋን ከመቀነስ ይልቅ ሌሎች የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ዋጋ ይጠይቁ። በአፕ እንደሚሠሩ አይደብቁ። ያለ ራይድሼር ሽፋን (በአፕ ለሚሠሩ ሾፌሮች የሚጨመር ኢንሹራንስ) ጥሪ እየጠበቁ አደጋ ከደረሰ የግል ኢንሹራንስዎ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ጠጥተው በማሽከርከር የተፈረደባቸው ደግሞ ኤፍአር-44 የሚባል ሰነድ ያስፈልጋቸዋል። ከግዛቱ ዝቅተኛ ሽፋን እጥፉን መያዝ ማለት ነው።

ፍርዱ ከወጣ በኋላ

ከተፈረደብዎት 10 ቀን አለዎት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ካሉ ጉዳዩ በሰርኪት ኮርት (ከፍ ባለው ፍርድ ቤት) እንደ አዲስ ይታያል። ቅዳሜና እሑድም ስለሚቆጠሩ በዚያው ቀን ከጠበቃዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ።

ክሱ ከተለወጠልዎት የፍርድ ቤቱን ወረቀት በእጅዎ ይያዙ። አንዳንዴ ለኡበርና ለሊፍት የሾፌሮችን መዝገብ የሚያጣራው ኩባንያ ዋናውን ክስ እንደ ፍርድ ቆጥሮ ሪፖርት ያደርግና አካውንትዎ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ የሪፖርቱን ቅጂ ይጠይቁ። ስህተቱን በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ወረቀቱንም አያይዙ። በፌዴራል ሕግ መሠረት ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም አለበት። የተስተካከለው ሪፖርት ለኡበር ወይም ለሊፍት መድረሱንም ራስዎ ደውለው ያረጋግጡ።