ለጀልባ የጉዞ መሪ ኮምፒውተር ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ሲያትል፣ ሌክ ዩኒየን ላይ በቆመች ጀልባ ውስጥ ነው። በባላርድ የውሃ በሮች አልፌ ፒዩጄት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ስወጣ ጭጋጉም፣ ሰውና መኪና የሚያሻግሩት ትላልቅ መርከቦች፣ ፌሪዎቹም፣ እዚያ አሉ። መንገድ የሚያሳየኝን ኮምፒውተር ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተርና የባሕር ካርታና ጀልባው ያለበትን ቦታ በሚያሳይ፣ ኦፕንሲፒኤን በሚባል ነፃ ሶፍትዌር። የባሕር ካርታውንም ኖኣ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በነፃ ይሰጣል።

ትልቁ ስህተት ኮምፒውተሩን ገዝቶ የኤሌክትሪኩን ነገር ለኋላ መተው ነው። መልሕቅ ጥላችሁ ስታድሩ ያላችሁ ባትሪያችሁ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ስክሪኑና ጂፒኤሱ አንድ ላይ 15 ዋት ቢወስዱ፣ በ24 ሰዓት 360 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በ12 ቮልት ሲሰላ 30 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ የተለመደ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ከ50ው ላይ 30ው ሲቀነስ ለፍሪጁና ለመብራቱ የሚተርፈው 20 ብቻ ነው። መጀመሪያ ይህን ሒሳብ ሥሩ፤ ኮምፒውተሩን ከዚያ ምረጡ።

ባትሪው ሁልጊዜ 12 ቮልት ይሰጣል ብሎ ማመንም ያስቸግራል። ቻርጅ ላይ ሲሆን ከ14 ያልፋል፤ ሞተር ሲነሳ ወደ 10 ሊወርድ ይችላል። አንድ ጠዋት በሸራ እየሄድኩ ፌሪ ሲመጣ አየሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ካርታው እስኪመለስ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እስካሁን አልረሳውም። አሁን ከ9 እስከ 36 ቮልት ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው 5 ቮልት የሚለውጥ መቀየሪያ አለኝ።

የመቀየሪያው ቦታም ወሳኝ ነው። እኔ መጀመሪያ ባትሪው ጋ አስቀምጬው 5 ቮልቱን በ3 ሜትር ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ወሰድኩት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ራስበሪ ፓይ ቮልቴጁ ከ4.63 ሲወርድ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ነው። 12 ቮልቱን በወፍራም ሽቦ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ አምጡና እዚያው ቀይሩት። ፊውዙ ግን ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ከእሳት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

ሁሉን ነገር በሜሞሪ ካርድ ላይ አትጫኑ። እየጻፈ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚባለው የመረጃ ማከማቻ ዲስክ ይሻላል።

ኮምፒውተሩን ወይም ድምፅ ማጉያውን ኮምፓስ አጠገብ አታስቀምጡ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መርፌውን እያያችሁ ኮምፒውተሩንና ድምፅ ማጉያውን አቅርቡ፣ አርቁ፤ አብሩ፣ አጥፉም። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ዕቃውን አርቁት።

የቤት ስክሪን ፀሐይ ላይ አይታይም። ብርሃኑ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ለውጭ 1000 አካባቢ ያስፈልጋል። ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው ዓይን ያጭበረብራል፤ ኦፕንሲፒኤን የሌሊት ቀለም ስላለው ተጠቀሙበት።

ፋን ያለው ሳጥን ጨዋማውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ በራሱ አካል የሚቀዘቅዝ የአሉሚኒየም ሳጥን ውሰዱ።

የመጨረሻው ስህተት በአንድ መሣሪያ ብቻ መተማመን ነው። ስልኬ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ጭኛለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት ካርታ አለ፤ በየሰዓቱ ያለሁበትን ቦታና ሰዓቱን በእርሳስ እጽፍበታለሁ።